በወር ስንት ትጨርሻለሽ?

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ሳልቡታሞል ልገዛ ገባሁ። ያቺን ሰማያዊ፣ ሰዉ «ፓፍ» የሚላትን። ፋርማሲስቷ ዕቃውን በእጇ እንደያዘች «በወር ስንት ትጨርሻለሽ?» አለችኝ። ምን አገባት አልኩ በሆዴ። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ጥያቄው ብዙ ወጣት ካለቀ በኋላ የመጣ ሆኖ አገኘሁት።

ታሪኩ ከሎስ አንጀለስ ይጀምራል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ1955 የራይከር ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረውን ጆርጅ ሜይሰንን አስም ያለባት የ13 ዓመት ልጁ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መድኃኒቷ እንደ ፀጉር ስፕሬይ በጣሳ የማይሞላው ለምንድን ነው? እስከዚያ ድረስ በእጅ እየተጨመቀች የምትረጭ የብርጭቆ ዕቃ ነበር የምትጠቀመው። በ1956 ሜዲሄለር ገበያ ላይ ዋለ። የልጅ ጥያቄ እንዲህ ነው!

ችግሩ ያለው ጣሳው ውስጥ ነበር። ኢሶፕሬናሊን የተባለው መድኃኒት የአየር ቧንቧን ይከፍታል፤ ልብንም አብሮ ያስጋልባል። እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይሸጥ ነበር፤ በ1960ዎቹ ደግሞ መጠኑ የጠነከረ ዓይነት መጣ። በእነዚያው ዓመታት በአስም የሚሞተው ወጣት ቁጥር አሻቀበ። በ1967 ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በ1968 መድኃኒቱ በማዘዣ ብቻ ሆነ፤ ሞቱም ቀነሰ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል። ልብ ነው የሚሉ አሉ። ሰዉ ለጊዜው ቀለል ሲለው ሆስፒታል መሄዱን አዘገየ የሚሉም አሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ነው ዴቪድ ጃክ የሚመጣው። ስኮትላንዳዊ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ፣ ሙያውም ፋርማሲስት። በ1961 አለን ኤንድ ሃንበሪስ የተባለ ኩባንያ የምርምር ኃላፊ ሆነ። ቡድኑ ሳንባ ላይ በርትቶ ልብን ብዙም የማይነካ መድኃኒት ሲፈልግ ሳልቡታሞልን አገኘ፤ በ1969 ቬንቶሊን ተብሎ ወጣ። የእኔዋ ሰማያዊ ማለት ናት።

ሰውዬው ግን በዚህ አላበቃም። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ይከፍታል እንጂ ቧንቧውን ያስቆጣውን ብግነት አያክምም። ብግነቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው፤ እሱም በኪኒን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ፊት ያሳብጣል። ጃክና ባልደረቦቹ ለቆዳ ቅባት ያገለግል የነበረውን ቤክሎሜታዞን በትንሽ መጠን ቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲሳብ አደረጉት። በ1972 ቤኮታይድ ሆኖ ተሸጠ፤ በኋላም ለአፍንጫ አለርጂ የሚነፋው ተከተለ። ጃክ በ2011 ሲያርፍ «ሰር» የሚል ማዕረግ ነበረው። ስሙን የምናውቅ አስመኞች ስንት ነን?

ሰዉ የወደደው ግን ሰማያዊዋን ነው። ወዲያው ታስተነፍሳለቻ! በ2019 ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም አይመከርም አለ። አንዷ ጣሳ 200 ጊዜ ትረጫለች፤ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ በከባዱ የመነሣት ዕድሉ ከፍ ይላል። በዓመት ነው እንግዲህ።

እኔ ለፋርማሲስቷ የመለስኩላት «በወር አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት» ብዬ ነበር። ዝም ብላ አየችኝ። «እስኪ እንዴት እንደምትስቢው አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። ለካ እስከዛሬ ምላሴን ነው ሳክም የኖርኩት! ቀስ ብዬ በረጅሙ እየሳብኩ እንድጫነው፣ ከዚያም እስከ 10 እየቆጠርኩ ትንፋሼን እንድይዝ ደጋግማ አለማመደችኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው እያጉረመረመ። ስወጣም ሐኪሜ ስለ ስቴሮይዱ እንዲያስብበት በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው።