ዜማ ልብሱን ሲለውጥ

ዘፈን እንደ ሰው ከአገር ወደ አገር ይሰደዳል፤ በደረሰበትም ስፍራ የአገሩን ልብስ ይለብሳል። ለዚህ ነገር ከጃማይካ የሬጌ ዘፋኞች የተሻለ ምስክር አናገኝም። እነርሱ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የታወቁትን ዘፈኖች እየወሰዱ በራሳቸው ምት ሲያዜሙ ኖረዋል። ጆን ዴንቨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ስለ ዌስት ቨርጂኒያ ያዜመውን የናፍቆት ዘፈን፣ ቱትስ ኤንድ ዘ ሜይታልስ በ1973 በሬጌ ሲዘፍኑት በዚያች አገር ስም ፈንታ የጃማይካን ስም አገቡበት።

ነገር ግን ልብሱ ሲለወጥ ባለቤቱ የሚረሳበት ጊዜ አለ። ኒል ዳይመንድ በ1967 ያወጣውን «ሬድ ሬድ ዋይን» የተባለውን ዘፈን፣ ጃማይካዊው ቶኒ ትራይብ በ1969 በሬጌ ዘፈነው። በ1983 ደግሞ ዩቢ ፎርቲ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከሬጌው ተቀብሎ በዓለም አስተጋባው። ከቡድኑ አባሎች አንዱ የነበረው አስትሮ እንደ ተናገረው፣ የደራሲው ስም «ኤን ዳይመንድ» ተብሎ በአጭሩ ተጽፎ ስላዩ «ንጉሥ ዳይመንድ» የሚባል ጃማይካዊ መስሏቸው ነበር። «ንጉሥ» የሚለውን ቃላችንን ራስ ተፈሪያን ለጃማይካ አስተዋውቀውት ስለ ነበር፣ ግምታቸው አያስደንቅም። እነሆ፣ የእኛው ቃል የሌላውን ሰው ስም ጋረደ።

ይህ ዕጣ በእኛም ላይ ሊደርስ ይችላል። የደቡብ ኦሞው ታሪኩ ጋንካሲ በ2013 ዓ.ም. «ዲሽታ ጊና» በተባለው ዘፈኑ በመላ ኢትዮጵያ ታወቀ። በ2014 ዓ.ም. ትውልደ ሴኔጋላዊው አሜሪካዊ ዘፋኝ ኤኮን ከእርሱ ጋር እንደገና ዘፈነው። ይህ ሬጌ ባይሆንም የጉዞው ሥርዓት አንድ ነው። «ዲሽታ ጊና» በጂንካ ዙሪያ የሚኖረው የአሪ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ስም ነው፤ የተጣላም የሚታረቅበት በዓል ነው። ዳሩ ግን በዘፈኑ ከሚጨፍረው ሕዝብ መካከል ይህን የሚያውቅ ስንቱ ይሆን?

ዜማ እንዳይሄድ መከልከል አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። የሚገባው ስሙን አስይዞ መሸኘት ነው። ስለዚህ የጂንካ መምህራንና ተማሪዎች የአረጋውያንን ዜማ ሲቀርጹ፣ የዘፋኙን፣ የቀበሌውንና የበዓሉን ስም አብረው ይጻፉ። ዜማው በፈለገው ምት ቢጫወት፣ ያን ጊዜ አገሩን ሳይረሳ ይጓዛል ብለን እናምናለን።