ባንዲራው መስቀሉን የመራበት ዕለት

ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. በሚላኖ ካቴድራል ታላቅ ቅዳሴ ነበር። ሕዝቡ የተሰበሰበው ግን የቅዱስ በዓል ለማክበር አልነበረም። ፋሺስቶች ወደ ሮም ገስግሰው ሙሶሊኒ ሥልጣን የጨበጠበት 13ኛ ዓመት ይዘከር ነበር። የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ወር አልሞላውም፤ ዐድዋና አክሱም ግን በእጁ ገብተዋል። ለስብከት የቆሙት የከተማዪቱ ሊቀ ጳጳስ፣ ካርዲናል ኢልዴፎንሶ ሹስተር ናቸው። የጣሊያን ባንዲራ በኢትዮጵያ ምድር የክርስቶስን መስቀል በድል እያራመደ ነው፣ የባሮችን ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ለወንጌል መንገድ ይጠርጋል ብለው ሰበኩ።

ያ ስብከት በ2018 ዓ.ም. 90 ዓመት ሞላው። ስለ ወልወል ግጭት፣ ስለ መንግሥታት ማኅበርና ስለ ማዕቀቡ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ ቃል ከመሠዊያ ፊት መነገሩ ነው። መስቀል ይገባላታል የተባለችው አክሱም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በገንዘቧ ላይ መስቀል የቀረጸች ከተማ ናት።

ሹስተር ተራ ሰባኪ አልነበሩም። የቤኔዲክቶስ ገዳም መነኩሴ፣ ከሲታና ጸሎተኛ፣ ዕድሜያቸውን የቅዳሴን ሥርዓት ሲመረምሩ ያሳለፉ ሊቅ ናቸው፤ «ሊበር ሳክራሜንቶሩም» የተሰኘው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራቸው ዛሬም በዘርፉ ይጠቀሳል። ለቅዳሴ የሚገባውንና የማይገባውን እንደርሳቸው የሚያውቅ ጳጳስ በዚያ ዘመን በጣሊያን ጥቂት ነበር። ባንዲራውን ከመስቀሉ ፊት ያስቀደሙት እኒህ ሰው መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል።

የሚከላከሉላቸው አሉ። ካርዲናሉ የባርነት መወገድንና የወንጌልን መስፋፋት ከልባቸው ተመኝተው እንጂ ለፋሺዝም አድረው አይደለም ይላሉ። በኅዳር 1931 ዓ.ም. በዚያው ካቴድራል የዘር ትምህርትን ኑፋቄ ነው ብለው ማውገዛቸውን፣ በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. ሙሶሊኒንና የጣሊያን አርበኞችን ተወካዮች በመንበራቸው አገናኝተው ደም እንዳይፈስ መጣራቸውን ያስታውሳሉ። በ1988 ዓ.ም. ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፁዕ ብለው ሰይመዋቸዋል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ባርነትም በሀገራችን ነበር፤ መንግሥት በ1916 ዓ.ም. የባሮችን ነፃ መውጣት በአዋጅ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ሰንሰለት ይበጥሳል የተባለለት ጦር ከስብከቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አወረደ። የኋላው ተግሣጽ የፊተኛውን ቡራኬ አይሽረውም፤ በ1928ቱ ስብከት ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የሸኘ የሚላኖ አባት የ1931ዱን አስቀድሞ ሊሰማ አይችልም ነበር።

እኛ ዘንድ ታሪኩ የሚነገረው «ፓፓው መሣሪያ ባረኩ» ተብሎ ነው። ይህ መታረም አለበት። ፓፓ ፒዮስ 11ኛ ከወረራው አንድ ወር ግድም ቀደም ብለው፣ ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ በካስቴል ጋንዶልፎ ለካቶሊክ ነርሶች ሲናገሩ ለመስፋፋት ብቻ የሚደረግ ጦርነት ግፍ መሆኑን ገልጸዋል። ንግግሩ በቫቲካን ጋዜጣ ሲወጣ ተለሳልሶ ነው የወጣው። ጦርነቱ ሲፈነዳም ያንን ቃል በአደባባይ አልደገሙትም። የጳጳሶቻቸው ድምፅ ግን ከፍ ብሎ ተሰማ።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ሮም ውስጥ «የሀገር መሠዊያ» በሚባለው ሐውልት ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን ለጦርነቱ ሰጠች፤ በምትኩም የብረት ቀለበት አጠለቀች። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ተከተሏት። ከጳጳሳቱም የአንገታቸውን የወርቅ መስቀል አውልቀው ለማቅለጫው የሰጡ ነበሩ። መስቀል ቀልጦ የጦር ወጪ ሲሸፍን ማየት ለአንድ ክርስቲያን ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሊቅ መሆን አያሻም።

መጨረሻው ደብረ ሊባኖስ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በተከበረ ማግስት፣ በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ትእዛዝ ጄኔራል ማሌቲ መነኮሳቱን አስረሸነ። የጣሊያኖቹ ሪፖርት 297 መነኮሳት ይላል፤ ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያጠኑት ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የሚላኖው ባንዲራና የደብረ ሊባኖስ መስቀል የተገናኙት እንዲህ ነው።

እኛስ? ምኒልክ ዐድዋ ሲዘምቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቷል፣ አቡነ ማቴዎስም ነበሩ፤ ድሉም የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ነው። የተወረረ ሕዝብ ታቦቱን ይዞ መውጣቱ የሰው ሀገር ለሚይዝ ጦር ከሚሰጥ ቡራኬ ይለያል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ይሁንና ከኛም ወገን አቡነ አብርሃም ለጣሊያን ገብተው በ1930 ዓ.ም. በገዢው ፈቃድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆነዋል። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም አወገዘቻቸው።

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲረሸኑ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ምድሪቱን ጭምር ለፋሺስት እንዳትገዛ መገዘታቸው ይተረካል። ግዝቱ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቃል ተነግሯል ወይስ ቆይቶ የዳበረ ትረካ ነው በሚለው ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። አባቶቻችን ሲያወርሱን የኖሩት ትረካ ከሰውየው ሥራ ጋር ይስማማል። በሁሉም አተራረክ የማይለወጠው፣ አርበኞችን አውግዙ፣ ሕዝቡ ይገዛ ዘንድ ስበኩ ሲባሉ እንቢ ማለታቸው ነው። የተጠየቁት ሹስተር በፈቃዳቸው የሰጡትን ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንን አፍ ለባንዲራ ማዋስ።

ይህን የማነሣው የባንዲራ ነገር እኛም ዘንድ በየጥምቀቱ ስለሚያከራክር ነው። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ሰንደቅ ዓላማው ኮከብ ያለበት ዓርማ እንዲኖረው ያዛል፤ ምእመናን ግን ዓርማ የሌለውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይዘው ታቦት ያጅባሉ፤ በዚህም ሰበብ ከፖሊስ ጋር የተጋጩበት ጊዜ አለ። ቤተ ክርስቲያን ቀለሙን ከኖኅ ቃል ኪዳን ጋር አያይዛ ታስተምራለች። ትምህርቱ ደስ ይለኛል። ለሀገር መጸለይማ በቅዳሴያችን ዱሮም ያለ ነው፤ ዲያቆኑ ስለ ሀገርና ስለ ሰላም ጸልዩ ይላል፣ ለዚህ ጨርቅ አያስፈልገውም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ደግሞ ያ ቃል ኪዳን በምድር ላይ ላለ ሥጋ ለባሽ ሁሉ የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። እንግዲያውስ ከታቦቱ ኋላ ያንን ቀለም የሚይዝ ወጣት አጠገቡ ያለውን፣ ቋንቋውም ፖለቲካውም የተለየውን ሰው በቀለሙ ሊያስፈራራበት አይችልም፤ መንግሥትም በዝማሬ መካከል ገብቶ ከእጁ የሚነጥቅበት ምክንያት የለውም።