ያረፉ ግን ዳግመኛ ያልበረሩ፦ የመተማ ሰማይ በ1933 ዓ.ም.



የአየር ውጊያ ታሪክ ዘወትር የሚቆጥረው ተመትተው የወደቁትንና በሰላም የተመለሱትን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው በሁለቱ መካከል የቀረውን ነው፤ ተጎድቶ መሬት ያረፈውን፣ አብራሪውን አትርፎ ራሱ ዳግመኛ ያልበረረውን የጦር አውሮፕላን። ይህ ዕጣ በጄት ዘመንም አልቀረም፤ ዋና አካሉ የተጣመመ ጄት ከውጭ ደኅና ቢመስልም ወደ ሰማይ አይመለስም።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ፣ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ እግረኛ ብርጌድ ጣሊያኖች በሰኔ 1932 የያዙትን የገላባት ምሽግ አጠቃ። ገላባት በሱዳን በኩል፣ መተማ በእኛ በኩል ናቸው፤ የሚለያያቸው በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ምሽጉ በዚያው ማለዳ ተያዘ፤ በመተማ ላይ የታቀደው ጥቃት ግን አልተፈጸመም። አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በቋጥኝ ተሰናከሉ። በአየር ላይም ግላዲያተር የተባሉት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለትና ሦስት እየሆኑ ስለ መጡ፣ በቁጥር የሚበልጧቸው የጣሊያን ፊያት ሲአር 42 አውሮፕላኖች በየተራ መቷቸው። ሻለቃ ሻልክ ቫን ሻልክዊክ በጃንጥላ ቢወርድም በቃጠሎው ሞተ። ሊረዳው የተነሣው ሻምበል ብሪያን ቦይል ግን ቆስሎ፣ የተመታ አውሮፕላኑን መሬት አሳርፎ ከሞት ተረፈ።

በእኔ አመለካከት፣ እንዲህ ያረፈ አውሮፕላን ዕጣው የሚወሰነው ከኋላው ባለው መንገድ ነው። መለዋወጫ፣ መካኒክና ማንሻ ከደረሱለት ይድናል፤ ካልደረሱለት ብሎኑ እየተፈታ ለሌሎች መጠገኛ ይሆናል። በዚያ ቀን ሰማዩን የያዙት ጣሊያኖች ነበሩ። ሆኖም የስዌዝ ቦይ ስለ ተዘጋባቸው፣ ተዋጊ አውሮፕላን የሚደርሳቸው ተፈታትቶ በትልልቅ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ እየተጫነ ነበር። እንግሊዞች ግን የፖርት ሱዳን ወደብና የባቡር ሐዲድ ነበራቸው። አንድ ጎማ መሰበሩ ለአንዱ ወገን የሳምንት ሥራ፣ ለሌላው የማይተካ ጉዳት ነበር።

ጣሊያኖች በጥር 1933 መተማን ለቀው ወጡ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ የአርበኞች ትግልና በሰሜን የተከፈተው ዘመቻ ዋነኞቹ ናቸው። ነገር ግን የዚያን የጥቅምት ቀን ድል የምንመዝን ከሆነ፣ የወደቁትን ብቻ ሳይሆን አርፈው የቀሩትንም በሁለቱም ወገን ልንቆጥር ይገባናል።