የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እና የሚመሩት ባለሙያዎች

የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሕጻናት ከመማሪያ መጽሐፋቸው ባሻገር ያለውን ዓለም በንባብ የሚተዋወቁበት ክፍል ነው። በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ለልጆች የተዘጋጀ የተረት መጽሐፍ ከዚህ ክፍል ውጭ በቀላሉ አይገኝም። በቤቱ መጽሐፍ የሌለው የአርሶ አደር ልጅ የዚህ ክፍል በር ከተዘጋበት ሌላ የሚያንኳኳው ደጅ የለውም። ስለሆነም ቤተ መጻሕፍት መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ መከፈቱና በአግባቡ የሚመራው ሰው ማግኘቱም እኩል ዋጋ አለው።

የንባብ ክህሎት ለምን ያሳስባል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተለያዩ ክልሎች የተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ልጅ ፊደልን ከገበታ ላይ ይለያል፤ አቀላጥፎ ማንበብ የሚችለው ግን ደጋግሞ ሲያነብ ነው። ለዚህም በእድሜው ልክ የተጻፉ፣ ሥዕል ያላቸውና በሚናገረው ቋንቋ የተዘጋጁ ብዙ መጻሕፍት ያስፈልጉታል። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን ይህን ጥማት አያረካም።

የባለሙያው ሥራ

በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች በሙያው የሠለጠነ ባለሙያ ይመደባል። በሌሎች ደግሞ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ የተቀነሰለት መምህር ኃላፊነቱን ደርቦ ይይዛል። በሁለቱም ዘንድ ሥራው ተመሳሳይ ነው። አዲስ የገባ መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያርፍበታል፤ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይሰፍራል። ቀጥሎ በይዘቱ ተለይቶ በመደርደሪያ ይቀመጣል።

ለመለየት በስፋት የሚያገለግለው አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የአሥርዮሽ አመዳደብ ነው። ዕውቀትን ከ000 እስከ 900 በአሥር ዋና ክፍሎች ይመድባል። ቋንቋ በ400፣ ሳይንስ በ500፣ ሥነ ጽሑፍ በ800፣ ታሪክና ጂኦግራፊ በ900 ይገኛሉ። ግብርና 630፣ የቤት እንስሳት እርባታ 636፣ ንብ ማነብ ደግሞ 638 ነው። ቁጥሩ ለሚከብዳቸው ትንንሽ ልጆች በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ባለቀለም ወረቀት መለጠፍ ይበቃል፦ ለምሳሌ ቀዩ ለተረት፣ አረንጓዴው ለእንስሳት።

የተቆለፈው ቁም ሣጥን

የአንደኛ ደረጃ ቤተ መጻሕፍት ትልቁ ፈተና ሁልጊዜ የመጽሐፍ እጥረት አይደለም፤ ያለው መጽሐፍ አለመነበቡም ነው። መጻሕፍቱ በባለሙያው ስም የተመዘገበ ንብረት ናቸው። አንዱ ቢጠፋ እርሱ ይጠየቅበታል፤ በዝውውር ወይም በስንብት ጊዜ መልቀቂያ ሊያስከለክለውም ይችላል። በዚህ ስጋት የተነሳ መጽሐፍ ለልጅ ከማዋስ ይልቅ ቆልፎ ማቆየት የሚመርጥ አለ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራው ሙሉ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን አላነበቡም።

መፍትሔው ባለሙያውን ብቻውን ተጠያቂ ከማድረግ መውጣት ነው። የተማሪው ስም፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ የተወሰደበትና የሚመለስበት ቀን የሚሰፍርበት የውሰት መዝገብ ሊኖር ይገባል። በንባብ ብዛት ያረጀ መጽሐፍ በኮሚቴ ታይቶ ከመዝገብ የሚወጣበት ሥርዓትም ያስፈልጋል። ገጹ የተበጣጠሰ የተረት መጽሐፍ የቸልተኝነት ምልክት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ብዙ ልጆች እንዳገላበጡትም ይመሰክራል።

ምስጥ፣ እርጥበት እና ፀሐይ

የመጽሐፍ ጠላቶች ብዙ ናቸው። መደርደሪያው ከግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከወለልም ከፍ ብሎ ቢቆም ምስጥና እርጥበት በቶሎ አይደርሱበትም። ክረምት ከመግባቱ በፊት የጣሪያውን ቀዳዳ መድፈን፣ ብራ በሆነ ቀን መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባት ይጠቅማል። ቀጥተኛ ፀሐይ ወረቀትን ያደርቃል፣ ቀለምንም ያደበዝዛል። የተገነጠለን ገጽ በዱቄት ሊጥ መለጠፍ ደግሞ ነፍሳትንና አይጥን ይጋብዛል።

መጽሐፍን ወደ ልጆች መውሰድ

የልጆች ቤተ መጻሕፍት ታሪክ በኢትዮጵያ ሲነሳ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይጠቀሳል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአማርኛ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት አለመኖራቸውን አስተዋለ። ወደ አገሩ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በሐዋሳ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረገ። ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ትምህርት መውሰድ ይችላሉ። ሃያ መጻሕፍት የያዘ ሣጥን በሳምንት አንድ ቀን ከክፍል ክፍል ቢዞር፣ ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ክፍል በሌለበትም ንባብ ይኖራል።

የወላጆች ድርሻ

የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም አራት ዐበይት ርዕሶች አንዱ ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትም የትምህርት ቤቱ ድጎማ በጀት ለምን እንደሚውል ይመክራል። መደርደሪያ መሥራት፣ ጣሪያ መጠገን፣ ከከተማ ነዋሪዎች መጽሐፍ ማሰባሰብ ከአቅም በላይ አይደለም። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ከትምህርት የሚቀር ልጅ መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ማታ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ እያነበበ ከንባብ ሳይርቅ ይቆያል።

በኅብረቱ ስብሰባ የሚገኝ ወላጅ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት መጽሐፍ እንዳለው መጠየቁ መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን የውሰት መዝገቡን ገልጦ ማየት ነው፤ በዚህ ወር ስንት ልጅ መጽሐፍ እንደወሰደ የሚናገረው እርሱ ነውና።