ሰኔ ሲገባ የሚዘጋው መንገድ

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አስቀርቷል። ከጉዞ ገጠመኞቹ አንዱ እንዲህ ነው። መንገደኞቹ ፀሐይ ሲበረታባቸው ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ወረዱና ጓዛቸውን አራግፈው ከጥላ ሥር አረፉ። ከሩቅ ተራራ ላይ ይነጉዳል፤ እነሱ ካሉበት ግን አንዲት ጠብታ የለም። ብዙም ሳይቆይ ደራሽ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ከተፍ አለ። ሰው እየተጯጯኸ ወደ ዳር ተበተነ፤ ከጓዙም ጎርፉ የቻለውን ይዞ ሄደ።

ተራራ ላይ ሲነጉድ ከወንዝ መውጣት እንደሚገባ የቆላ እረኛ በልጅነቱ ያውቃል። እንግዶቹ ድምፁን ሰምተዋል፤ ምን እንደሚያስከትል ግን የነገራቸው አልነበረም።

ይኸው ቄስ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገርም መዝግቧል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ባሉት የዝናብ ወራት የአገሩ ሰው መንገድ አይወጣም ይላል። የኢትዮጵያ ደጋ ለዘመናት የተማመነበት የአየር ማስጠንቀቂያ ይህ ነበር፤ የዕለት ወሬ ሳይሆን የዓመት ቀጠሮ። ነገ ይዘንብ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዘነበም አልዘነበም ሰውየው ቤቱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርሰዋል። ገበሬው ደግሞ ወቅቱን በበዓላት ይከታተለዋል። ነሐሴ 13 ላይ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፤ ይህን ያለ ሁሉ ግን በማግስቱ አጋሰሱን አይጭንም። ሰማዩ ቢገለጥ እንኳ ከላይ የዘነበው ገና እየወረደ ነው፤ ወንዙ አልጎደለም። መንገደኛ የሚጠብቀው መስቀልን ነበር። የጉራጌ ሰው ከየአገሩ ተሰብስቦ ለመስቀል አገሩ መግባቱ ዛሬም የደራ ነው። በነገሥታቱ ዘመን ደግሞ መኳንንቱ ጭፍራቸውን ይዘው የሚሰለፉትና የሚፎክሩት በዚሁ በዓል ነበር፤ ከመስቀል ወዲህ ዘመቻ ይቻላልና።

ይህ ቀጠሮ አጥብቆ የያዘው ሲራራ ነጋዴውን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከእናርያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጭኖ የሚነሣ ነጋዴ ጊቤንና ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጎንደር፣ ከጎንደር ተከዜን አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሦስቱም ወንዞች በበጋ በመልካቸው ይገባሉ፤ በክረምት ግን እያንዳንዳቸው አገር ከአገር የሚለይ ድንበር ናቸው። ግንቦት ሲያልቅ ከማይፈልገው ማዶ የተገኘ ነጋዴ ቢወድም ባይወድም እዚያው ይከርማል፤ ትርፉንም ለራሱ ቀለብና ለከብቱ ገፈራ ያፈስሳል። ስለዚህ የቅፍለቱ አለቃ ዋና ጥበብ ሽፍታን መመከት ወይም ኬላ ላይ መከራከር ብቻ አልነበረም፤ ቀን መቁጠርም ነበር።

ድልድይ አልነበረም ማለት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠሩ የድንጋይ ድልድዮች አሉ፤ አንዱ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ ሌላው ሰባራ ድልድይ የሚባለው ነው። ከእነሱ ርቆ ያለ ሰው ግን የነበረው አማራጭ በአየር የተነፋ አቁማዳና ብርቱ ዋናተኛ ነው። የሰባራ ድልድይ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይገርማል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተሰብሮ ከዚያ ወዲያ ለአሥርት ዓመታት የሁለቱ ማዶ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። ፎቶግራፉን መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ድልድይ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ ክፍተቱን አስገጠመ፤ የገጠሙትንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። ዛሬ በቦታው ተንጠልጣይ ድልድይ አለ።

ቤተ መንግሥቱም ከዚህ ቀጠሮ አያመልጥም ነበር። የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን በነበረበት ዘመን ንጉሡ በበጋ ይዞራል፤ በክረምት አንድ ቦታ ይሰፍራል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹም ንጉሡ የት እንደከረመ በየዓመቱ ሳያነሡ አያልፉም። ከጎርጎራ፣ ከእንፍራንዝና ከደንቀዝ በኋላ አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲመርጡ፣ ያች ከተማም እንደቀደሙት ሁሉ መክረሚያ ነበረች፤ ልዩነቱ ግንብ ተሠራባትና ከዚያ በኋላ የሚነሣ ጠፋ። እንዲያውም ሕገ መንግሥቱ ዛሬ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ይፈጸማል ሲል፣ የድሮውን የመንገደኛ ካላንደር አስቦ ይሁን ሳያስብ፣ ቀኖቹ ይቀራረባሉ።

ይህን ቀጠሮ የጣሰ ዋጋውን ይከፍላል። በግንቦት 1762 ዓ.ም. የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ከነሠራዊታቸው ከዓባይ ማዶ ነበሩ። አብሯቸው የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መሻገሩን በዝርዝር ጽፎታል። ዝናቡ ቀድሞ ጀምሯል፣ ወንዙ በየሰዓቱ ይጨምራል፣ ዳርና ዳሩ በሺህ ኮቴ ተረግጦ አረንቋ ሆኗል፤ ሰውና ከብት እየተያያዘ ይወሰዳል። ራስ ሚካኤል ጎንደር ከገቡ በኋላም አልቆዩም። ተከዜ ሳይሞላ ትግሬ መግባት ነበረባቸው፤ ሰኔ እንደገባ ከተማውን ለባላንጦቻቸው ትተው ሄዱ። የዚያን ዓመት የጎንደር ፖለቲካ ማን እንደሚይዘው የወሰነው የጦር ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የዝናቡ ቀንም ድምፅ ነበረው።

አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ያደረጉት የመጨረሻ ጉዞም በዚሁ ሥርዓት የተቀጠረ ነው። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ማስነሣት የጀመሩት ክረምቱ እንደወጣ፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ነበር። መንገድ እየጠረጉ፣ ገደል እየደለደሉ የበጋውን ወራት ጨረሱት፤ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኗል። ከምጽዋ በታች ዙላ ላይ የወረደው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦርም ያው ሰዓት ይቆጠርበት ነበር። ሚያዝያ 6 መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞቹ የቸኮሉት ለመሸለም ሳይሆን በሽሎና ተከዜ ሳይሞሉባቸው ለመውጣት ነው። እንዲያም ሆኖ ወደ ባሕር በሚወርደው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደራሽ ውሃ ደረሰባቸው፤ የመጨረሻዎቹ መርከብ የተሳፈሩት በሰኔ አጋማሽ ነው።

አፄ ምኒልክ ለዓድዋ የክተት አዋጅ ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን የሸዋው ጦር ወረኢሉ እንዲከት የተቀጠረው በጥቅምት እኩሌታ ነበር። ያን አዋጅ የሰማ ገበሬ ለምን ጥቅምት እንደሆነ አልጠየቀም።

ጣሊያኖችም በአርባኛው ዓመት ትምህርቱን ይዘው ተመለሱ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን የተሻገሩት ዝናቡ መውጣቱን ጠብቀው ነው። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ አንድ ጭንቀት ቀረው፤ ክረምቱ ከአዲስ አበባ እንዳይቀድመው። ከ1,500 የሚበልጥ ተሽከርካሪ አሰልፎ በሚያዝያ 18 ከደሴ ተነሣ። ጣርማበር አቀበት ላይ ግን ያ ሁሉ ሞተር ቆመ። ኢትዮጵያውያን መንገዱን ከገደሉ ጋር አፍርሰውታል፣ ዝናቡም ጀምሯል፤ ወታደሩ ከመኪናው ወርዶ በአካፋና በትከሻው ጭቃውን ታገለው። ከአንድ ቀን በላይ ከቆዩ በኋላ ቀዳዳ ተገኘና ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ።

የቀሩት ሦስት ወራት ግን የአርበኛው ነበሩ። ከተማዋን የያዘው ጦር በጭቃ ታጥሮ ተቀመጠ፤ ከውጭው ዓለም የሚያገናኘው አስተማማኝ ነገር የጅቡቲ ባቡር ብቻ ሆነ። የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች አበራና ሌሎች አርበኞች ሐምሌ 21 ከተማዋ ላይ የወረዱት ይህን አይተው ነው። ነጋዴውንና ንጉሡን ያስቀመጠው ክረምት ለእነሱ ጋሻ ነበር። ጥቃቱ ተመለሰ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም በማግስቱ ሐምሌ 22 በአደባባይ ተረሸኑ። የጣሊያን አስተዳደር ከዚያ ክረምት በኋላ ለመንገድ ሥራ ያፈሰሰው ገንዘብ መነሻው ልማት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መገመት አያስቸግርም። ጣርማበርም ከሥሩ ተፈልፍሎ ዋሻ ወጣለት። ጉሙን ግን ዋሻ አያስቀረውም፤ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሹፌር መብራቱን አብርቶ የፊቱን መኪና በቀይ መብራቱ ብቻ የሚለይበት ቀን ብዙ ነው።

ከነጻነት በኋላ «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ» የመንግሥት ዕቅድ ሁሉ አንደኛ ቃል ሆነ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 ተቋቋመ፣ የዓለም ባንክ አበደረ፣ ጣሊያኖች ትተዋቸው የሄዱት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናዎች በጭቃ የሚሰጥሙባቸው ኮረብታዎች ጠጠር ለበሱ። ጥቅሙን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ጠጠሩና አስፋልቱ ክረምቱን አላጠፉትም፤ ያጠፉት ቀጠሮውን ነው። ድሮ በሐምሌ ደራሽ ውሃ ሲወርድ መልካው ላይ ሰው የለም። አሁን በሐምሌ ሌሊት አውቶቡስ አለ፣ ቦቴ አለ፣ ለመርዶ የሚጣደፍ ቤተሰብ አለ። አደጋው ከወራት ወደ ሰዓታት ሲወርድ ማስጠንቀቂያውም አብሮ መውረድ ነበረበት፤ ይህን የሚያደርግ ሥራ ግን መጀመሪያ የተደራጀው ለአውሮፕላን ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ በረረ። የአገር ውስጥ ማረፊያዎቹ ብዙዎቹ ሣርና አፈር ስለነበሩ ዝናብ ለአብራሪው ከበቅሎ ነጂው ያላነሰ ጉዳይ ነበር። የሜትሮሎጂ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ሥር የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን ከ1987 ወዲህ ደግሞ የወቅት ትንበያ ማውጣት ጀመረ። የወቅት ትንበያ ክረምቱ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛው በታች ይሆናል የሚል ነው። ለገበሬው ይበጃል፤ ዛሬ ማታ የትኛው ወንዝ ይሞላል ለሚል ሰው ግን መልስ የለውም።

የዚህ ክፍተት መራራው ምሳሌ ድሬዳዋ ነው። ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ደረሰላትና ተቆረቆረች። የደቻቱ ወንዝ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነውና ሰው ይሄድበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩም ቤት ይሠራበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ዝናቡ ከላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ጣለ። ከታች ሕዝቡ ተኝቷል። ጎርፉ ሲደርስ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የኦሞ ወንዝ ከአፉ ወጥቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰው ገደለ። ሁለቱም ቦታ ዝናቡ የዘነበው ሟቾቹ ካሉበት ርቆ ነው። በላይ ያለው ጣቢያ የለካውን በታች ላለው ሰው ለማድረስ ሬዲዮ፣ ስልክና ሌሊት የሚነቃ ሰው ያስፈልጋል። የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በኢትዮጵያ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ ክረምት ወዲህ ነው።

የዓባይ በረሃ መንገድም ሌላ ዓይነት ችግር አለበት። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል ይወጣል። በጃፓን ርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት ወንዙ ራሱ ችግር መሆኑ አበቃ፤ ቁልቁለቱ ግን በዝናብ የሚንሸራተት አፈር ነው፣ አስፋልቱም በየክረምቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። ቦሌ ላይ የሚነሣ አብራሪ የነፋሱን ፍጥነትና የደመናውን ከፍታ በየሰዓቱ በቁጥር ይቀበላል። የጭነት መኪና ሹፌር ግን ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ እየጠጣ የሚጠይቀው ከደጀን የመጣውን ባልደረባውን ነው። ናዳ የትኛው ኩርባ ላይ እንደወረደ፣ ጉሙ ከየት እንደሚጀምር፣ መኪና የተጋደመበት ቦታ በየት በኩል እንደሚታለፍ ይነግረዋል፤ እሱም እንደሰማው ይወርዳል፣ ወይም ሒሳቡን ከፍሎ አልጋ ይይዛል።