ከዘር እስከ አበባ

ቱሊፕ የተባለው አበባ በሁለት መንገድ ይራባል። እንደ ነጭ ሽንኩርት ያለው ራሱ ተፈልቅቆ ሲተከል እናቱን መስሎ ያድጋል፤ ለአበባም ፈጥኖ ይደርሳል። ከዘር የበቀለው ግን የመጀመሪያ አበባውን ለማሳየት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያስጠብቃል፤ ቀለሙም አስቀድሞ አይታወቅም። ሆኖም አዲስ ዓይነት ቱሊፕ በአብዛኛው የተገኘው በዚሁ አዝጋሚ መንገድ ነው።

የአበባው ጥንተ መኖሪያ የመካከለኛው እስያ ተራራማ አገር በመሆኑ ዘሩ ለመብቀል ብርድ ይሻል። በኦቶማኖች የአትክልት ስፍራ ከተራባ በኋላ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻገረ፤ የዕፀዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉዚየስም እ.ኤ.አ. በ1593 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ይዞት ሄደ። ነጋዴዎች ግን የአትክልተኛውን የድካም ዓመታት አልቆጠሩም። ገና ከመሬት ያልወጣውን ራስ በወረቀት ውል እየተሻሻጡ ዋጋውን አናሩት፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1637 ገበያው ፈረሰ።

እንግዲህ ከዘር የሚገኝ አበባ የሚጠይቀው ብርዳም አየርና ለዓመታት ተጠብቆ የሚቆይ መሬት ነው። ዘመሮን ጨምሮ የመንዝ ሕዝብ ቱሊፕን ባይዘራም ሁለቱንም ያውቃል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው አበልቢላ ቀይና ብጫ አበባውን እንደ ችቦ የሚያቆመው በእንዲህ ያለው ደጋ ነው። በጓሳ ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የተሠራበት የቄሮ ሥርዓት፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚውለው ሣር እንዲያገግም ቦታውን እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሕዝቡ የመረጠው አባ ቄራ ያስጠብቅ ነበር፤ ያለጊዜው ያጨደም ከብት ያሰማራም ይቀጣ ነበር።

ሥርዓቱ ግን ጉድለት ነበረበት። የመጠቀሙ መብት በትውልድ ሐረግ የተወሰነ ስለነበር የባለርስት ዘር ያልሆነ ከውጭ ይቀር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ቀረ፤ ማን ያስጠብቅ የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። የአካባቢው ኅብረተሰብ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መልስ ፈለገለት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ለጓሳ የኅብረተሰብ ጥበቃ ስፍራ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ።

ገበያ ዋጋን፣ አዋጅም የመሬት ይዞታን በአንድ ጀንበር ሊለውጥ ይችላል። ከዘር እስከ አበባ ያሉትን ዓመታት ግን አያሳጥርም። ስለዚህ የአበባ ታሪክ ሲጻፍ ከውበቱ ጋር መሬቱን የጠበቀው ሕዝብ ድካም አብሮ ሊወሳ ይገባል።