የተዘነጋው ቁስል፦ ልብ ሰቃዩ ዘውግና «ጤዛ»

ሥነ ልቡናዊ ልብ ሰቃይ የሚባለው የፊልም ዘውግ ከተራው የወንጀል ፊልም የሚለየው፣ ፍርሃቱን ከጨለማ ጎዳና አንሥቶ በሰው አእምሮ ውስጥ በማኖሩ ነው። ለዘውጉ ልማድ ካበጁለት ሥራዎች አንዱ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1945 ያዘጋጀው «ስፔልባውንድ» ነው። ማንነቱን የዘነጋ ሰው «ነፍሰ ገዳይ ነኝ» ብሎ ራሱን ይጠረጥራል፤ በነጭ ላይ የተሰመሩ መስመሮችን ባየ ቁጥር ይርዳል፤ ሐኪሟም ሕልሙን እየፈታች የሕመሙን ሥር ትፈልጋለች። የሕልሙን ትዕይንት የነደፈው ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ነበር። በመጨረሻ፣ ልጅ ሳለ በወንድሙ ላይ የደረሰው አደጋ ሲታወሰው ይድናል፤ እውነተኛው ገዳይም ይታወቃል። የተዘነጋው ከተገኘ ሕመሙም ምስጢሩም አብረው ይፈታሉ ማለት ነው።

ኃይሌ ገሪማ ደርሶ ያዘጋጀው «ጤዛ» ከልብ ሰቃይ ፊልሞች ተራ የሚመደብ አይደለም። ሆኖም መነሻው ይኸው የዘውጉ ልማድ ነው። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር እ.ኤ.አ. በ1990 ጣና አካባቢ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም፤ እንዴት እንዳጣው ግን አያስታውስም። ሌሊት ይቃዣል። ምልሰቱ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ተመልካቹ ከባለታሪኩ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ልብ ሰቀላውም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ከዳኞች ልዩ ሽልማት ሌላ የድርሰት ሽልማት ማግኘቱን፣ በተከታዩም ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት መውሰዱን እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከፈውሱ ነው። በሂችኮክ ፊልም ሐኪሟ በነበረችበት ስፍራ እዚህ ጠበል ገብቷል። መንፈስ አድሮበታል ተብሎ የሚጠመቀው አንበርብር የሚታመመው በዝግ ክፍል አይደለም፤ እናቱ፣ ዘመዱና ጎረቤቱ እያዩት ነው። ቀስ በቀስ የሚመለሰው ትዝታም የአንድ ቤተሰብ አደጋ አይደለም፤ በኮሎኝ የተማሪዎቹ ተስፋ፣ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ የወዳጁ የተስፋዬ መገደል፣ ኋላም በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ያደረሱበት ጥቃት ነው።

በእኔ ግምት የኮሎኙ ክፍል ይረዝማል፤ ክርክሩ አንዳንዴ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። የመንደሩ ክፍል ግን ከዘውጉ ልማድ ርቆ የሄደ ነው። አንበርብር ሁሉን ካስታወሰ በኋላ ተይዞ ለፍርድ የሚቀርብ አንድ ገዳይ አይገኝም፤ በመንደሩም ለጦርነቱ እንዳይታፈሱ የሸሹት ልጆች በዋሻ ተደብቀው ይኖራሉ።